መቶ ሜጋፒክስል እና ይሉኝታ

የሚዲየም ፎርማት ካሜራ ወዳጆች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። ጥሩ ፖርትሬት ሲያዩ ሙሉውን ፎቶ ብዙ አያዩትም፤ ወዲያው ዙም ያደርጋሉ። ከትከሻ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ሽፋሽፍት ይወርዳሉ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል? አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለችው የላብ ጠብታ ጠርታለች? ከጠራች «ሌንሱ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በየትኛው ካሜራ፣ በምን ዓይነት ብርሃን፣ በስንት ፍጥነት... ሁሉም ይጠየቃል። የተነሳው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነገር ያለበት ይመስለኛል፣ በተለይ ፎቶው አሶሳ ገበያ ወይም ጉባ መንገድ ዳር የተነሳ ከሆነ። የዚያች ሴት ፊት በዚያች ቅጽበት ምን ሆኖ ነው እያገለገለ ያለው? የሌንስ መፈተኛ ሰሌዳ ሆኖ ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀሙበት ሲል ስለ ሌንስ ምርመራ አላሰበም፤ ነገሩ ግን ከሞላ ጎደል እዚያ ይወድቃል።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። የተለመደው «ፉል ፍሬም» ካሜራ ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ሚዲየም ፎርማት ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች፣ የፉጂፊልም ጂኤፍኤክስም ሆነ የሐሰልብላድ ኤክስ፣ 44 በ33 ገደማ ናቸው። በስፋት 1.7 እጥፍ ያህል ማለት ነው። የፌዝ ዋን ትልልቆቹ 53 በ40 ይደርሳሉ። ከድሮው 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ፊልም ጎን ሲቆሙ ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ «44 በ33 እውነተኛ ሚዲየም ፎርማት ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ክርክር እንደ ቡና ላይ ወሬ የማያልቀውም ለዚህ ነው። (እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ የለሁበትም።) ፉጂ እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ 102 ሜጋፒክስሉን ጂኤፍኤክስ 100 ሲያወጣ ዋጋው 10,000 ዶላር ነበር። በ2021 የመጣው ታናሽ ወንድሙ፣ 100ኤስ፣ 6,000። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ይህን በብር ማስላት ራስ ያሳምማል። ስለዚህ እኛ አገር ብዙው የዚህ ካሜራ ወዳጅ ካሜራው የለውም፣ ያለው ፍቅሩ ነው። ሌላ ሰው ያነሳውን ጥሬ ፋይል ያወርዳል፣ ይከፍታል፣ ያጎላል፣ ያወራል። የማያውቀው ሰው ፊት ውስጥ ገብቶ ያመሻል።

የ102 ሜጋፒክስል ፋይል ለአንድ ኢንች 300 ነጥብ ተሰጥቶት ሲታተም ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ወደ 74 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአንድ ሰው ፊት ያን ወረቀት ከሞላው ከራሱ ፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሰው ልጅ የሌላውን ፊት በዚያ መጠንና በዚያ ጥራት የሚያይበት የተፈጥሮ ሁኔታ የለም። እናት ሕፃኗን ስታጠባ እንኳ እንደዚያ አታየውም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው። «አታፍጥ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሲያናግሩ ዓይንን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። ሰውየው አንድ ዓይኑ ሞራ ከሸፈነው፣ ጉንጩ ላይ የፈንጣጣ ምልክት ካለ፣ ያየ እንዳላየ ይሆናል። ግብዝነት አይመስለኝም። ሰው ሌላው ፊት የሚቀርብበትን ልክ ራሱ እንዲወስን መተው ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር ብዙ ይወቀሳል፣ እውነትን ያፍናል፣ ሰውን በሌሎች አፍ ያኖራል ይባላል፤ ልክ ነው። እዚህ ጋ ግን ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለችውን ርቀት ይጠብቃል።

ትልቁ ካሜራ ያቺን ርቀት ያፈርሳታል። የሚያፈርሳት ደግሞ በስውር ነው። ፎቶ አንሺው በጨዋነት ሁለት ሜትር ርቆ ቆሟል። «ፎቶ ላንሳሽ?» ብሏል፣ እሷም እሺ ብላለች። ማታ ግን ሌላ ሰው፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ በአሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት ያፈጥባታል። የሷ እሺታ ለሁለት ሜትሩ ነበር። ለአሥር ሴንቲ ሜትሩ ማንም አልጠየቃትም፤ እንደዚያ ያለ ነገር መኖሩንም ላታውቅ ትችላለች። በስልክ ያየችው ፎቶ ሁሉ ሲጎላ የሚደበዝዝ ነው፣ ይሄኛውም እንደዚያው ይመስላታል።

አንድ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ እንደሚገባው ላቅርበው።

«ንቀት ማለት ዝርዝር ማየት ሳይሆን አለማየት ነው» ይላል። ስልክ ፊትን እንደ ሊጥ ዳምጦ፣ ሽብሽቡን አጥፍቶ፣ ቆዳውን አለስልሶ ሲያወጣ ለሰውየው «ፊትህ እንዳለ አይበቃም» እያለው ነው። እያንዳንዷን መስመር ሳይንቅ የሚይዝ ካሜራ ግን ሰውየውን እንዳለ ይቀበለዋል። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1942 ለገጣሚው ጆ ቡስኬ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ለሌላው ትኩረት መስጠት ከልግስና ሁሉ ንጹሑና እጅግ የማይገኘው ነው የሚል ሐሳብ አላት። ጓደኛዬ ይህን ይወዳል። «እንግዲህ መቶ ሜጋፒክስል ትኩረት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ከዚያ ወደ አሶሳ ይወስደኛል፣ እዚህ ጋ ነው ክርክሩ የሚከብደው።

የቀለም ፊልም ታሪክ ለነጭ ቆዳ የተቀመረ ታሪክ ነው። ኮዳክ ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለማቸውን እንዲያስተካክሉበት የሚልከው «ሸርሊ» የሚባል ካርድ ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያዋ ሞዴል ነው። ለአሥርት ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የሷ ቆዳ አምሮ ከወጣ ፎቶው «ትክክል» ይባላል። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ላይ ሲነሱ ነጩ ፊቱ ይወጣል፣ ከጥቁሩ ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ይቀራል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት ይህን ታሪክ ስታጠና ያገኘችው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም፤ ኮዳክ ፊልሙ ቡናማ ቀለማትን በደንብ እንዲለይ እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ቸኮሌት አምራቾቹን ጥቁሩና የወተቱ ቸኮሌት ፎቶ ላይ አልለይ ብሏቸው ነው።

ዲጂታል ይህን ሁሉ አልፈታውም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ የበርታ አዛውንት በአሶሳ የቀትር ፀሐይ ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ ይደነግጣል፣ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ የአዛውንቱ ፊት ይጠፋል። ለፊቱ ብለህ ብርሃን ስትጨምር ጀለቢያው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ትልቁ ሴንሰር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ለጀለቢያው ተብሎ የጨለመውን ፊት በኋላ ከፍ ሲያደርጉት አይቆሽሽም። በጥላና በጥላ መካከል ብዙ ደረጃ አለው፤ በጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሰማያዊ፣ ቀይ፣ የመዳብ ብልጭታ ሁሉ ይወጣል። ያየሁት ነው፣ ያምራል።

ጓደኛዬ አይተወኝም። «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያለ ሰውን በቀለም ደረጃ የሚያሰልፍ ሕዝብ ነን ይላል። ደጋው የምዕራቡን ቆላ ሰው ለዘመናት በአንድ የንቀት ቃል ጠርቶታል፣ ከቃሉ ጀርባ የባሪያ ፍንገላ ታሪክ አለ። ቃሉን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ዛሬም የሠርግ ፎቶ ቤቱ ሳይጠየቅ ሙሽራዋን ሁለት ደረጃ ቀላ አድርጎ ያስረክባል። እንደዚህ ባለ አገር የጉሙዝን ወይም የበርታን ሰው ጥቁረት ከነሙሉ ክብሩ የሚያሳይ ካሜራ ፍትሕ ነው እንጂ ነውር አይደለም። «አንተ ይሉኝታ ትላለህ፣ እኔ መጀመሪያ ይታዩ እላለሁ።»

ስለ ቆዳው ልክ ነው። እዚህ ላይ የምለው የለኝም። ግን ጥቁር ቆዳን አሳምሮ ማሳየት ብቻውን ፍትሕ ከሆነ አንዲት ሴት አለች፣ ከሷ በላይ ፍትሐዊ ሰው አልነበረም ልንል ነው።

ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዞ፣ ኩርሙክ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ፣ የሱዳንን ብሉ ናይል ግዛትና ነጭ ዓባይን ካለፉ በኋላ የኑባ ተራሮች ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ጆርጅ ሮጀር እ.ኤ.አ. በ1949 እዚያ ሄዶ የኑባ ታጋዮችን አነሳ። ሮጀር ወደ አፍሪካ የመጣበት ምክንያት ከባድ ነው። በሚያዝያ 1945 ቤርገን-ቤልሰን ወደተባለው የናዚ ማጎሪያ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነበር፤ እዚያ ሬሳ ክምር ፊት ቆሞ በካሜራው መስኮት ውስጥ የሚያምር አደራደር ሲፈልግ ራሱን አገኘው። ጥሩ ፎቶ እንዲሆንለት አስከሬኖቹን በዓይኑ ያሰልፍ ነበር። ደነገጠ፣ ከዚያ በኋላ ጦርነት አላነሳም። ከዓመታት በኋላ የናዚን ፓርቲ ጉባኤ «የፈቃድ ድል» በተባለ ፊልም ያስጌጠችው ሌኒ ሪፈንሽታል የሱን የኑባ ፎቶዎች አይታ ደብዳቤ ጻፈችለት። ቦታውንና ሰዎቹን እንዲያስተዋውቃት ገንዘብ አቀረበችለት። የሱንና የሷን የኋላ ታሪክ አንስቶ እምቢ አላት። እሷ ግን በራሷ መንገድ ሄደች፣ በ1973 የኑባ መጽሐፏን አወጣች።

መጽሐፉን ያየ ሰው የሚክደው ነገር የለም፤ ጥቁር ገላ በዚያ ብርሃን አምሮ የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። በላብና በአመድ የሚያንጸባርቅ ጡንቻ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ፍጹም የሆነ ብርሃን። ትኩረት አልጎደላትም። ሱዛን ሶንታግ በ1975 የጻፈችው ትችት የያዘው ይህንኑ ነው፤ ሪፈንሽታል ኑባዎቹን ያየችበት ዓይን ድሮ የናዚ ሰልፍን ያየችበት ያው ዓይን ነው። ጥንካሬና ውበት ያያል፣ ሰው ማየት አይፈልግም። ደካማው፣ ሽማግሌው፣ የታመመው ፎቶው ውስጥ ቦታ የለውም።

እና ጓደኛዬን የምመልሰው በራሱ ምስክር፣ በሲሞን ቬይ ነው። ለሷ ትኩረት ማለት ዓይን መትከል አልነበረም። ባልንጀራን መውደድ ከዚያች ጥያቄ ይጀምራል ትላለች፤ ምን ደርሶብህ ነው? የሽፋሽፍት ብዛት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ኤማኑኤል ሌቪናስ የሚባለው ሌላው ፈላስፋ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሰው ፊት የጻፈ ሰው ሆኖ፣ ሌላውን ሰው በእውነት ስታገኘው የዓይኑን ቀለም እንኳ አታስተውልም ይላል። ማን እንደሆነ እየሰማህ ስለሆነ። የዓይኑን ቀለም መመርመር ከጀመርክ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ወደ ዕቃ መለወጥ ጀምሯል። ሌቪናስ አጋንኗል ልትሉ ትችላላችሁ፤ ፍቅር የያዘው ሰው የዓይን ቀለም ያስተውላል። የማውቃቸው ጥሩ ፎቶ አንሺዎች ግን ሰውየውን ሲያናግሩ ካሜራውን ዝቅ ያደርጉታል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ክብር ነው። ክብር ለአንዳንዱ አየር ላይ ያለ ነገር ሊመስለው ይችላል፣ ስለዚህ ወደ መሬት እንውረድ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሮብ ጄንኪንስና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዋ ክሪስቲ ኬር አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎችን በ39 ሜጋፒክስል ሐሰልብላድ ፖርትሬት አነሱ። ከዚያ ዓይናቸውን አጎሉ። የዓይን ብሌን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ በነጸብራቁ ውስጥ ፎቶ አንሺውና አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ይታያሉ። ምስላቸው ከተነሳው ሰው ፊት ወደ 30,000 እጥፍ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሌሎች ሰዎች እነዚያን ደብዛዛ ፊቶች ከሌላ ፎቶ ጋር አመሳስሉ ሲባሉ የማያውቁት ሰው ቢሆን እንኳ መቶ ጊዜ ቢሞክሩ 71 ጊዜ ያህል ያገኙት ነበር። የሚያውቁት ሰው ሲሆን 84። ያ በ39 ሜጋፒክስል ነው። ዛሬ 102 ነን።

ይህን ይዛችሁ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ባምባሲ ወይም ወደ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ሂዱ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች አሉ። አንድ አባት ልጁን ፎቶ እንዲያነሱለት እሺ ይላል፣ ራሱ ግን መታየት አይፈልግም፤ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ልጁን «ሳቅ» ይለዋል። አባትየው ፎቶው ውስጥ የለም። ልጁ ዓይን ውስጥ ግን አለ። ወይም መተከልን አስቡ። በ2013 ዓ.ም. ሰው በብሔሩ ተለይቶ ሲገደል በነበረበት ወቅት ማን ከማን ጋር፣ የት ቆሞ እንደታየ ትርፍ ወሬ አልነበረም። ደብዛዛ ፎቶ ለብዙ ሰው መጠለያ ነው። ገበያ ውስጥ ከኋላ የሚያልፈው ሰው በስልክ ፎቶ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ያመልጣል። ትልቁ ካሜራ ይህን ማምለጫ ይዘጋዋል፤ ባለቤቱ ሳያስበው፣ በካሜራው ጥራት ብቻ።

በዚሁ ጥናት ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል። ሽፋሽፍት ሊቆጥር ወደ ዓይኗ የሚወርደው የካሜራ ወዳጅ፣ ትንሽ ከወረደ ፎቶ አንሺውን ያገኘዋል። እዚያ ብሌኗ ላይ ካሜራውን ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ ሰማዩን ከኋላው አድርጎ የቆመ ጥቁር ቅርጽ። እሷ ያየችው እሱን ነበር። ሁለት ሜትር ላይ የነበረው ሰው እሱ ነው፣ እሺታውን የተቀበለው እሱ ነው። ፋይሉን የሚለቅቀውም ሆነ የሚይዘው እሱ ነው። አጉልተው ለሚያዩት ጓደኞቹ ስሟን ሊነግራቸው የሚችልም እሱ ብቻ ነው።

እንግዲያውስ ሰው አናንሳ? ቀርከሃውንና ማንጎውን፣ ወንዙንና ድልድዩን እያነሳን እንኑር? ይህም አያዋጣም፤ ምክንያቱም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ቀድሞ የተደረገው ይኸው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለበት ቀን ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 እስከተመረቀበት ድረስ ከጉባ ያልታየ የኮንክሪት ገጽታ የለም። ከድሮን፣ ከሳተላይት፣ ከሌሊት፣ ከቀን። 145 ሜትር ቁመቱን፣ 1,780 ሜትር ርዝመቱን ልጆች በቃላቸው ይሉታል፣ ደብተራቸው ላይ ይሥሉታል። ቦንድ ገዝተንበታልና ይገባናል፣ እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ከዚያው መሬት ተነስተው ሌላ ቦታ የሰፈሩትን የጉሙዝ ቤተሰቦች አስቡ። አንድ ፊት ትዝ ይላችኋል? አንድ ስም? አገሪቱ በታሪኳ ከሁሉ ይበልጥ ፎቶ ያነሳችው ቦታ ላይ የቦታው ሰው የለም። ካለም ቀስት ይዞ፣ ሳይናገር፣ ስም የሌለው «የአካባቢው ብሔረሰብ አባል» ሆኖ ነው።

ስለዚህ ጓደኛዬ «መጀመሪያ ይታዩ» ሲል የሚጠይቀው ነገር እውነተኛ ነው። የሚለየን እንዴት በሚለው ላይ ነው።

አማርኛ እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር አለው። እንግሊዝኛው ፎቶን ይተኩሳል ወይም ይወስዳል። አማርኛ ያነሳል። የወደቀ ይነሳል፣ ሕፃን ከመሬት ይነሳል፣ የሞተ ሰው ስም ይነሳል። ዕቃም ይነሳል፣ ማለት ተይዞ ይኬዳል። ሁለቱም አንድ ቃል ውስጥ አሉ። «አንሳኝ» የሚለው ሰው የትኛውን እንደሚጠብቅ ማወቅ ከባድ አይደለም።

ደግሞ እንዴት መነሳት እንደሚፈልግ ያውቃል። ፎቶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ «ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት?» ጉርድ ለመንግሥት ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለፖሊስ። ፊት ብቻ፣ ጆሮ እንዲታይ፣ አትሳቅ። ሙሉ ቁመት ለቤት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ዘመድ የሚላክለት፣ አልበም ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ልብሱ ይታያል፣ እጁ ይታያል፣ አጠገቡ የቆመው ይታያል፣ ጫማው ይታያል። ጫማ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዚያ ቀን ተብሎ የተወለወለ ወይም ከወንድም የተዋሰ ነው። በገጠር ካሜራ ይዞ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሰዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ፎቶ አንሺው ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። የሚፈልገው ፊት ነው፣ መስመሩ፣ ላቡ፣ ዓይኑ። ኪነ ጥበብ ነው ብሎ የሚያነሳው በመጨረሻ ሲታይ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ሰውየው ለመንግሥት ብቻ የሚሰጠው ዓይነት።

ይሄ ከካሜራው ጋር ያጣላናል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ባለ 102 ሜጋፒክስል ፋይል በቁም ሲያዝ ቁመቱ 11,648 ፒክስል ነው። አንድ ሰው የዚያን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ቢሞላ፣ ከላይ ሰማይ ከታች መሬት ቢተርፍ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ወደ 1,000 ፒክስል ይደርሰዋል። ለጉርድ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ማለትም ወደ ኋላ ለመራቅ ነፃነት ያለው ካሜራ ነው። ትንሽ ካሜራ የያዘ ሰው ፊት እንዳይጠፋበት መጠጋት ግድ ይለዋል። ትልቁን የያዘ ሰው አራት ሜትር፣ አምስት ሜትር መራቅ ይችላል። ሴትየዋን ከነልጆቿ፣ ከሽመል አጥሯ፣ ከበሯ፣ ከእንስራዋ ጋር አንድ ላይ ይይዛል፤ ፊቷም አይጠፋም፣ ጥቁረቷም አይቆሽሽም። ጓደኛዬ የሚፈልገው ቆዳ ይወጣል፤ እሷ የምትፈልገው ጫማም ይወጣል። አጉልቶ ለሚያየው ሰው ደግሞ ፊቷ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያየው ብዙ ነገር ይኖረዋል፤ ቤት፣ ልጅ፣ ዕቃ፣ ቀን።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ሙሉ ቁመት ፎቶ ማን ላይክ ያደርገዋል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው አያደርገውም።

የቀረው የማሳጠቡ ነገር ነው። «ፎቶዬን ታመጣልኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ከካሜራ ጋር የተወለደ ይመስል የትም ቦታ ይከተላል፣ ብዙ ጊዜም «አመጣለሁ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። በቴሌግራም ቢላክላት ፎቶው መንገድ ላይ ያንሳል፤ ያ ሁሉ ጥራት የማያውቋት ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ለባለቤቷ የሚደርሰው ርዝራዡ ነው። ወረቀት ይሻላል። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንደሆነ በደንብ ይታያል፣ ለመሸከምም አይከብድም። የአሶሳ ክረምት ወረቀት አይምርም፣ የሽመል ግድግዳ ደግሞ ዝናብ ያስገባል፤ ስለዚህ ላሚኔት ይደረግ። ፎቶ ቤቱ ልጅ ለወረቀቱ ልክ እንዲሆን ከታች ትንሽ ልቁረጠው ካለ ግን እምቢ በሉት፣ ጫማው እዚያ ነው።